ከበሩ ላይ ሲያዩት የደፈረሰው ውሃ

ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል፣ እኔ በጂን፣ በመንፈስ፣ በድግምት የማምን ሰው አይደለሁም። ቆቦ ውስጥ መስታወት ስቆርጥና ፍሬም ስሠራ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ መስታወት ቆራጭ ደግሞ በሚሊ ሜትር ነው የሚያምነው፣ ሁለት ሚሊ ከተሳሳትክ አይገባም፣ አይገባም ማለት አይገባም፣ ብትለምነውም ብትቆጣውም ያው ነው። ጓደኞቼ ጅብ ስለሚሆን ሰው ሲያወሩ "እስቲ ስልኩን ስጡኝና ልደውልለት" እያልኩ የማበሽቃቸው እኔ ነኝ። ባለቤቴማ አንድ ቀን አንተንም ያገኙሃል እያለች ስታስፈራራኝ ኖራለች፣ እኔም ሲያገኙኝ ሱቁን ያውቁታል፣ አስፋልቱ ዳር ነው እላት ነበር። አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ነው ብዬ ዘግቼው እተኛ ነበር፣ እመኑኝ።

የነገሩ መነሻ አንድ ስዕል ነው፣ ያመጡልኝ ደግሞ እትዬ ዘውዴ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፉት የጋሽ ደምሴ ባለቤት ናቸው፣ ጋሽ ደምሴ ደግሞ ትምህርት ቤት ስዕል ያስተማሩኝ መምህሬ ነበሩ፣ አህያ ስዬ ብሰጣቸው ወረቀቱን አገላብጠው አይተው "ሰይድ፣ ይሄ ጠረጴዛ ጆሮ ለምን አስፈለገው?" ያሉኝ ሰውዬ። ታመው፣ አልጋ ላይ ከርመው ነው የሞቱት። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፣ አፈር ሲለብሱ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ይሄን የምነግራችሁ ኋላ ጥያቄ እንዳይነሳ ብዬ ነው።

እትዬ ዘውዴ ባላቸው የሳሉትን ይሄን ስዕል በአንሶላ ጠቅልለው በባጃጅ አመጡትና መስታወት አድርግልኝ አሉኝ። እኔም ባለሙያ ነኝ አይደል፣ የዘይት ቀለም መስታወት እንደማይወድ፣ አየር እንደሚፈልግ፣ መስታወት ከገባበት ውስጥ ለውስጥ ላብ እንደሚይዘው አስረዳኋቸው። ሰሙኝ ሰሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እሱማ ገብቶኛል ሰይድዬ፣ ግን ይረጫል" አሉኝ።

"ምኑ ነው የሚረጨው?"

"ውሃው ነዋ። ግድግዳዬን አበሰበሰብኝ፣ ሁለቴ አስቀባሁት።"

ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ጣራቸው እያፈሰሰ ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ክርክሩ ምን ያደርግልኛል፣ እሺ አልኳቸውና ተቀበልኩ። ሲሄዱ በሩ ላይ ቆም ብለው ከሩቅ ነው የሚታየው፣ ጠጋ ካልከው ምንም አይሰጥህም፣ ደምሴም እንዲያ ይል ነበር አሉኝ።

ከፈታሁት በኋላ ገባኝ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ሳየው፣ ይቅር በሉኝና፣ ሰው መዳፉን ቀለም ነክሮ የተጫወተበት ነው የሚመስለው፣ እዚህ የወፈረ ነጭ፣ እዚያ የተጎተተ ሰማያዊ፣ አንድ ሁለት ቦታ አውራ ጣት ራሱ ታትሞበታል። ድንጋይ የለው፣ ዛፍ የለው። ይሄንን ነው እንግዲህ እድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩን የኖሩት ብዬ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩትና ሜትሬን ላነሳ ወደ በሩ ሄድኩ፣ ከበሩ ዘወር ስል ባለሁበት ቀረሁ።

ውሃ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ያ ሁሉ ዝብርቅርቅ ተሰብስቦ ገደል ለገደል የሚወርድ ወንዝ ሆኗል፣ ጥቁር ቋጥኝ እየመታ ነጭ ይሆናል፣ ይዞራል፣ ከስሩ ጠጠሩ እስኪታይ ይጠራል፣ ደግሞ ይወረወራል። እኛ የቆላ ሰዎች ውሃን የምናውቀው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድና ድንጋይ ጭኖ፣ ተቆጥቶ ሲመጣ ነው። ከላይ ተራራው ላይ ሲነሳ እንዲህ ያለ ንጹሕ፣ እንዲህ ያለ ደስተኛ ነገር መሆኑን አርባ ሁለት ዓመት ኖሬ አላውቅም ነበር። ጋሽ ደምሴ በየክረምቱ ብርድ ልብስና ቀለማቸውን ይዘው ወደ ተራራው እየወጡ ሳምንት ይከርሙ እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ምን እንደሚያደርጉ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አላፍርበትም። ጠጋ አልኩ፣ ጠፋ፣ ቀለም ብቻ ሆነ። ወደ በሩ ተመለስኩ፣ ወንዙ መጣ። ያን ቀን ከሰዓት ሥራ ፈትቼ እንደ ሞኝ ወደፊት ወደኋላ ስል ዋልኩ።

መስታወቱን በሁለተኛው ቀን ገጠምኩት። በሦስተኛው ጠዋት ሱቄን ስከፍት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ላብ ይዞት አገኘሁት፣ ብያቸው ነበር አልኩ፣ በባለሙያነቴ ትንሽ ደስም አለኝ።

ያው ሦስተኛው ቀን ነው ነገሩ የሆነው።

ራያ ቆላን ለማታውቁት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ጋ ዝናብ ይሰስታል፣ ማሽላችንን የሚያሳድግልን በስተምዕራብ ካለው ተራራ ላይ ዘንቦ በደረቁ ወንዝ በድንገት የሚወርደው ጎርፍ ነው። ገበሬው ወንዙ ደረቅ ሳለ አሸዋው ላይ ይወርድና በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በአፈር መጥለፊያ ይሠራል፣ ጎርፉ ሲመጣ ያንን መትቶ ወደ ማሳው ይታጠፋል። ይሄን ጎርፍ ደራሽ እንለዋለን። ሌላው አገር ደራሽ ሲመጣ "መጣብን" ብሎ ልጁንና ከብቱን ይዞ ይሮጣል፣ እኛ ግን ማሽላው እየጠወለገ ሰማይ ሰማይ ስናይ ሰንብተን ሲመጣ "መጣልን" ነው የምንለው። ሰውም እየበላ፣ ድልድይም እየወሰደ፣ ያው "መጣልን" ነው። እንዲህ ማለት ከአፋችን አይጠፋም፣ ተወልደን ያደግንበት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ኑሩ ገበሬ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር፣ ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ ይሄን ሱቅ ስከፍት በሬውን ሸጦ ያቋቋመኝ እሱ ነው፣ ሰው ወንድም ይበለው እንጂ ለእኔ አባቴ ነው። አንድ እግሩን ጉልበቱ ላይ ያነክሳል፣ ግመል ጥሎት ነው፣ መሮጥ አይችልም። ያን ዓመት ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብ ሳይል ቆይቶ ማሽላው ጆሮውን ጥሎ ነበር፣ ያን ሰብል ካጣ ልጆቹን ምን እንደሚያበላ እሱም እኔም አናውቅም።

ጠዋት ደወለልኝ። ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ወንዙ ውስጥ መጥለፊያውን እየጠገኑ እንደሆነ፣ አራተኛው ሰውዬ ታሞ እንደቀረባቸው፣ ሳይጨርሱት ጎርፉ ከመጣ ማሳው ሳይጠጣ እንደሚያልፍ ነገረኝና "እባክህ ሰይዶ፣ አንድ ደራሽ ፈልገህ ላክልኝ፣ አካፋ የሚይዝ ይሁን እንጂ ማንም ይሁን" አለኝ። ደራሽ ማለት ለካ የሚደርስልህ ሰውም ነው፣ ቃሉ አንድ ነው። እሺ ጋሼ አልኩት። ላክሁለት? አልላክሁም። አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ ጠየቅኩ፣ አይመቸኝም አለኝ፣ ከዚያ ያ ስዕል ፊት ቆሜ ቀረሁ፣ ረሳሁት። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራት ጠፋ። የቆቦን የቀትር ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ውሻ እንኳን የለም። እጅ እግሬን ታጥቤ ውዱእ አድርጌ ለዙህር ልሰግድ ስል መስታወቱ ላይ ጠብታ አየሁ። ከእጄ የተንጠባጠበ ነው ብዬ በጨርቅ ጠረግኩት፣ አልጠፋም፣ ከውስጥ ነው። ላቡ ነው አልኩ። ቆየት ብሎ ድምፅ ሰማሁ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ሩቅ ነው፣ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ መስሎኝ ወደ ውጭ ወጣሁ፣ አስፋልቱ እስከ ጎብዬ አቅጣጫ ድረስ ባዶ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ተራራው በአቧራ ጭጋግ ተሸፍኖ አይታይም። ተመልሼ ገባሁ፣ ድምፁ ያለው ውስጥ ነው። የእርጥብ አፈር ሽታ ሸተተኝ። መስታወቱ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ፣ ወላሂ አልዋሻችሁም፣ መስታወቱ በጣም ቀዝቃዛ ነበር፣ በዚያ ሙቀት፣ ደግሞም ይንቀጠቀጣል፣ ልክ አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ የሱቄ መስታወቶች እንደሚያደርጉት።

ወደኋላ ሸሸሁ፣ ፈርቼ ነው፣ ልዋሽ አልፈልግም። ጀርባዬ በሩን ሲነካ ቀና ብዬ አየሁት፣ ውሃው ደፍርሷል።

ያ ጥርት ያለ ነጭና ሰማያዊ የለም፣ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነው፣ ቋጥኞቹ ተውጠዋል። ሮጬ ጠጋ አልኩ፣ ቀለሙ እንደነበረ ነው፣ ነጩም ነጭ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ፣ አንዲት ቡናማ ጠብታ የለችም። ወደ በሩ ሄድኩ፣ ቡናማ። ጠጋ አልኩ፣ ሰማያዊ። ሦስተኛ ጊዜ በሩ ላይ ስቆም ግን ስለ ስዕሉ ማሰብ አቆምኩ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የመጣልኝ። እዚያ ላይ ከደፈረሰ ታች ይመጣል፣ ታች ደግሞ አሸዋው መሀል ኑሩ አለ።

ስልኬን አነሳሁ። መጀመሪያ አልጠራም። ሁለተኛው ጠራና አነሳው፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ኔትወርኩ እዚያ ወንዝ ውስጥ እንዲያ ነው። በሙሉ ጉሮሮዬ "ጋሼ፣ ደራሽ መጣላችሁ! ውጡ!" ብዬ ጮህኩ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሜ አላህ ይስጥህ፣ እዚሁ ሆነን እንጠብቀዋለን" አለኝ፣ ስልኩም ተቋረጠ።

ያ "እንጠብቀዋለን" የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ነው ምን እንዳልኩት የገባኝ። "መጣባችሁ" ብል ኖሮ ገና ሳልጨርስ በገባው ነበር። እኔ ግን ከልጅነቴ የለመድኩትን "መጣላችሁ" አልኩት፣ እሱም ከጠዋት ጀምሮ የሚጠብቀው አካፋ የሚይዝ ሰው ነው፣ "ውጡ" ያልኩት ተቆርጦ ቀርቷል። ወንድሜን ላድነው ደውዬ ጎርፍ መሀል ቁጭ ብለህ ጠብቅ አልኩት ማለት ነው። ደጋግሜ ደወልኩ፣ ጥሪ አይቀበልም። ሱቁን እንኳን ሳልዘጋ ባጃጅ ይዤ ወደ ወንዙ በረርኩ፣ ባጃጁን በርታ በለው እያልኩ የማውቀውን የቁርአን አያ ሁሉ እቀራለሁ፣ ባለ ባጃጁ ሰው ሞቶበት ነው ብሎ አዝኖልኝ ነበር።

መንገዱ ሲያልቅ ወርጄ ሮጥኩ፣ ከዚያ ሰማሁት። በዚህኛው ጊዜ ጥርጥር የለውም፣ መሬቱ ራሱ ነው የሚያጉረመርመው። ዳርቻው ላይ ስደርስ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፣ ግንዱን እያንከባለለ፣ ድንጋዩን እያጋጨ፣ ፀሐይዋ ከላይ ታበራበታለች። ግርማው ያስፈራል፣ ያምራልም፣ በዚያች ሰዓት እንኳን ማማሩ ታየኝ፣ እንዴት እንደጠላሁት ልነግራችሁ አልችልም። መጥለፊያው የነበረበትን ቦታ አየሁ፣ ውሃ ብቻ ነው። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ሰይዶ፣ ምን ሆነህ ነው መሬት ላይ የምትቀመጠው?"

ኑሩ ነው። ከላይ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ግራር ስር ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ጋር ቆሟል፣ ፊቱ በፈገግታ በርቷል፣ ያልጨረሱት መጥለፊያ ከውሃው ስር እንደምንም ይዞ ማሳው ውሃ እየጠጣ ነው። ሄጄ አንገቱን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ እሱም አብሽር፣ አብሽር እያለ ጀርባዬን ይመታኛል፣ ምን እንዳስለቀሰኝ አልገባውም። ከዚያ "የላክኸው ሰውዬ ግን የታሉ?" አለኝ።

የነገረኝን ልንገራችሁ፣ ሁለቱ ጎረቤቶቹም ለየብቻ ጠይቄያቸው ያንኑ ነው ያሉት። ከእኔ ጋር አውርቶ ስልኩን ኪሱ ሲከት አንድ ቀጭን ሽማግሌ በደረቁ ወንዝ መሀል ለመሀል ከላይ ከተራራው በኩል ይመጣሉ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

"ማን ልበል አባቴ ብላቸው 'ደራሽ ነኝ' አሉኝ" አለ ኑሩ፣ "እግራቸው እስከ ጉልበታቸው እርጥብ ነው፣ አሸዋው ደግሞ ሁለት ሳምንት ውሃ አላየም፣ የት ተነክረው ነው ብዬ ገርሞኛል። ጥፍራቸው ሁሉ ሰማያዊና ነጭ ቀለም፣ ምነው ሰይዶ፣ ገበሬ ስልህ ቀለም ቀቢ ላክህብኝ?"

ሽማግሌው ሥራችሁን አቁሙ፣ ግራሩ ስር ለመጥለፊያው የሚሆን ጥሩ ድንጋይ አለ፣ ሦስታችሁም ካልሆናችሁ አይነሳም ብለው ወደ ዳር ይዘዋቸው ወጡ። ኑሩ እግሩን እየጎተተ ስለነበር ክንዱን ደግፈውት ነው የወጣው፣ እጃቸው በጣም ቀዝቃዛ ነበር ይላል። ግራሩ ስር ሲደርሱ ድንጋይ የለም። ምን ዓይነት ቀልድ ነው ሊሏቸው ዞር ሲሉ ውሃው መጣ፣ ሽማግሌውም የሉም።

"ተመልሰው ገብተው ወስዷቸው ይሆን እንዴ?" አለኝ ኑሩ፣ ፈገግታው ጠፍቶ። ዱላውን ጨብጦ በዚያ እግሩ የወንዙን ዳር ይዞ ሊፈልግ ተነሳ፣ ዳሩ ደግሞ እየተናደ ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ? አይ ጋሼ፣ ስመጣ መንገድ ላይ አግኝቻቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው፣ ወደ ዋጃ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፍረዋል አልኩት። በሕይወቴ ኑሩን የዋሸሁት ያን ቀን ነው። አመነኝና ተቀመጠ።

ሱቄ ስመለስ በሩ ወለል እንዳለ ነው፣ አንድም ነገር አልተነካም። ስዕሉ ቦታው አለ፣ ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት፣ ውሃው ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ መስታወቱም ደርቋል። ሰው ይኖርበት እንደሆነ በማጉያ መነጽር ፈለግኩ፣ ቋጥኝ ስር፣ ዳር ዳሩን፣ ሁሉንም፣ የለም፣ ኖሮበትም አያውቅም። አንድ ነገር ቢለወጥ ኖሮ ቢያንስ የምይዘው ይኖረኝ ነበር። ሌላ ሽማግሌ ነው፣ አጋጣሚ ነው፣ ቤት ቀብተው ሲመለሱ ነው ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ተከራክሬዋለሁ፣ ከተማው ውስጥ ቀለም የሚቀቡትን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ እንደዚያ ያለ ሽማግሌ የለም። ለእትዬ ዘውዴ ስዕሉን ወስጄ ራሴ ሰቀልኩላቸው፣ ስለ ሌላው ትንፍሽ አላልኩም፣ ምን ብዬ እጀምረዋለሁ?

ማሽላው በዚያ ውሃ ለጉድ ያዘ። ታኅሣሥ ላይ ኑሩ አንድ ጆንያ ሙሉ ጭኖ ሱቄ መጣና "ይሄን ለዚያ ለላክኸው ሽማግሌ ስጥልኝ፣ እኔም ልጆቼም የሳቸው ነን፣ ሳልሰጣቸው ብበላው አይወርድልኝም" አለኝ። እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። ጆንያው ሱቄ ውስጥ አሥር ቀን ቆመ፣ ለሌላ ሰው መስጠት ፈራሁ፣ ቤቴ መውሰድም ፈራሁ፣ እኔ ሰይድ፣ በሰው ሁሉ ስስቅ የኖርኩት፣ በጆንያ ማሽላ ፊት ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው እሆን ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ባጃጅ ላይ ጫንኩትና እትዬ ዘውዴ በር ላይ አወረድኩት። ወንድሜ ኑሩ ነው የላከው፣ ከአዲሱ ማሽላ ነው፣ አልኳቸው፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ለምን፣ ስለ ምን ብለው አልጠየቁኝም። ኑሩን አያውቁትም፣ አንድም ቀን አይተውት አያውቁም። ጆንያውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

"ደረሰላችሁ?" አሉኝ።

ማሽላው ማለታቸው ይሁን ሰውዬው፣ አላወቅኩም። አዎ፣ ደረሰልን አልኳቸው፣ ያም ሆነ ይህ ውሸት አልነበረም።

"ጎሽ፣ እነግረዋለሁ" አሉና ጆንያውን ወደ ውስጥ መጎተት ጀመሩ። ማንን ብዬ አልጠየቅኳቸውም፣ አገዝኳቸውና ወጣሁ።